ያልወደዳችሁትን የፀጉር ቀለም ቤት ውስጥ ማስለቀቅ፦ የቱ መንገድ ለየቱ ፀጉር?

ቀለሙ ይለቅ ይሆናል። የድሮው ፀጉራችሁ ግን ታጥቦ የሚገኝ ነገር አይደለም። «በሦስት ቀን ወደ ተፈጥሮ ቀለማችሁ ተመለሱ» የሚሉት ቪዲዮዎች ይህን አይነግሯችሁም። ሰው ሞክሮት የሚናደደውም በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘላቂ የሚባለው ቀለም ከፐርኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ ነው የሚቀባው። ፐርኦክሳይዱ ቀለሙን ፀጉሩ ውስጥ አፍልቶ ያስቀምጠዋል። እግረ መንገዱን ደግሞ ሜላኒኑን፣ ማለትም ተፈጥሯዊውን ጥቁረት፣ በተወሰነ ደረጃ ያጠፋዋል። ስለዚህ የተቀባችሁትን ብታስለቅቁ ከሥር የሚጠብቃችሁ ጥቁሩ ፀጉራችሁ አይደለም። ቀላ ያለ፣ አንዳንዴም ብርቱካን የሚመስል ነገር ነው። እንሶስላ የሞቀ እጅ ከሳምንታት በኋላ ይጠራል፣ ቆዳው ይታደሳላ። ፀጉር ግን ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም። የጠፋበትን አይተካም።

እና ጥያቄው «በምን ላስለቅቀው?» ብቻ አይደለም። «አዲሱ እስኪያድግ ምን መስዬ ልቆይ?» የሚለውም አለበት። የምትመርጡት መንገድ የሚወሰነው በዚህኛው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተቀባችሁ እወቁ

ፀጉር ቤት ውስጥ ሁሌ የሚሰማ ንግግር አለ።

«የኔ ቆንጆ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር የተቀባሽው?»

«ሂና ነው። ጥቁር ሂና።»

«ያ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት?»

«አዎ፣ እሱ።»

እሱ ሂና አይደለም። ሂና ብቻውን ፀጉርን ያቀላል እንጂ አያጠቁርም። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚያደርገው ዱቄት ብዙ ጊዜ ውስጡ ፒፒዲ የሚባል ማጥቆሪያ ኬሚካል ያለበት ቀለም ነው። ለመፍላት የሚያስፈልገው ነገር እዚያው ዱቄቱ ውስጥ ስለገባ ነው ውሃ ብቻ የሚበቃው። ይህን መለየት ትልቅ ጥቅም አለው። ፒፒዲ ያለበትን ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር አለ። እውነተኛ ሂናን የሚያስለቅቅ ግን የለም ማለት ይቀላል።

ካርቶኑ ወይም ፓኬቱ ካለ ጀርባውን አንብቡ። ከሌለ አቀባቡን አስታውሱ። ቀጥታ ከቱቦው አውጥታችሁ ምንም ሳትቀላቅሉ ከቀባችሁት በላይ በላይ የሚቀመጥ ቀለም ነው። ጤናማ ፀጉር ላይ ከ4 እስከ 12 እጥበት ቆይቶ ይሄዳል። ሁለት ነገር ቀላቅላችሁ ከነበረ ወይ ዘላቂ ነው፣ ወይ ከፊል ዘላቂ ነው። ከፊል ዘላቂው በደካማ ፐርኦክሳይድ የሚሠራ ሲሆን እስከ 24 እጥበት ድረስ ይደበዝዛል። ዘላቂው ስሙ እንደሚለው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀቡ ሽበትን ቀስ በቀስ የሚያጠቁሩ ፈሳሾችም አሉ። አንዳንዶቹ የብረት ጨው፣ ማለትም ብረታ ብረት ያለበት ውህድ፣ አለባቸው። እነዚህን ልብ በሉ፣ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ቀጥሎ መስታወት ፊት ቆማችሁ አንድ ነገር ብቻ እዩ። የተቀባው ከሥሩ ጋር ሲነጻጸር ነጥቷል ወይስ ጠቁሯል? መንገዱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

ፀጉራችሁ ከነጣ፦ የሚለቅ ነገር የለም፣ የሚመለስ እንጂ

ብሎንድ፣ ካራሜል፣ ሜሽ። እነዚህ ብሊች ተደርገው የመጡ ናቸው። ጥቁሩ ወጥቶ ሄዷል። ማስለቀቂያ ብትገዙ ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ፣ ቫይታሚን ሲ ብትቀቡም ያው ነው። ያላችሁ ምርጫ ጥቁረቱን መልሶ ማስገባት ነው፤ እሱም በሁለት ዓይነት ቀለም ይሆናል።

ዘላቂ ቀለም አጥብቆ ይይዛል። ሽፋኑም ሙሉ ነው። ክፋቱ፣ ከሚገባው በላይ ከጠቆረ እንደገና ማስለቀቅ ውስጥ ትገባላችሁ። ፀጉሩም ብሊቹ ከጎዳው በላይ ተጨማሪ ኬሚካል ይጠጣል። ከፊል ዘላቂው ፀጉሩን ማንጣት ስለማይጠበቅበት ገር ነው። ሲለቅ ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፣ ከሥሩ ጋር የሚፈጥረው መስመርም ለስላሳ ነው። ክፋቱ ብሊች የተደረገ ፀጉር ላይ ቶሎ ይሄዳል። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያለማንገራገር ከፊል ዘላቂውን እመርጣለሁ። የማያምር ነገር ቢወጣ እንኳ ጊዜ ያወጣዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ብሎንድ ፀጉር ላይ ቡናማ ቀለም ቀጥታ ከተቀባ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የጭቃ መልክ ያለው ነገር ይወጣል። ቡናማ ውስጥ ቀይና ብርቱካን መኖር አለበት። ብሊቹ ደግሞ እነሱን ነው አጥቦ ያወጣቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መዳብ ወይም ቀይ ወርቃማ ቀለም በስሱ ይቀባል። እሱ ከያዘ በኋላ ነው ቡናማው የሚከተለው። ባለሙያዎች «ፀጉሩን መሙላት» ይሉታል። ሁለት ዙር ይሆናል፣ አዎ፣ ይሰለቻል። አንዱን ዙር የዘለለች ሴት ግን በሦስተኛው እጥበት ቡናማዋ ፈስሶ ግራጫ ነገር ይቀርላታል። ፀጉራችሁ ቀላ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ብሎንድ ደረጃ ካልደረሰ፣ ሙቀቱ አሁንም ውስጡ አለ። አንድ ዙር ይበቃዋል።

የቁጥሩ ነገርም አለ። ካርቶኑ ላይ 1 ጥቁር ነው፣ 10 እጅግ የነጣው ብሎንድ። የብዙዎቻችን ተፈጥሯዊ ፀጉር ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይወድቃል። «እንግዲያው 1 ልግዛ» እንዳትሉ። ብሊች የተደረገ ፀጉር ስፖንጅ ሆኗል፣ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል። 4 ቀብታችሁት 3 ሆኖ ይወጣል። ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ፣ ፀጉሩ በጣም የተጎዳ ከሆነ ሁለት ደረጃ ነጣ ያለውን ውሰዱ። ማጥቆር ነገም ይቻላል፣ ማንጣት ግን ቀላል አይደለም። በብዙ የአውሮፓ ምርቶች ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር መልኩን ይናገራል። 3 ወርቃማ፣ 4 መዳብ፣ 1 ደግሞ አመድማ ነው። አመድማውን በመጀመሪያው ዙር አትንኩት፣ አረንጓዴውን የሚያባብሰው እሱ ነው። ኩባንያ ከኩባንያ ስለሚለያይ ከቁጥሩ ጋር ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቡ።

ስትቀቡ ሥሩን አትንኩ። ያደገው ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ፀጉር የምትፈልጉት ፀጉር ራሱ ነው። እሱን ከቀባችሁት ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሥሩ የሚያልቅበት መስመር ላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ጫፉ በጣም ስለሚጠጣ መጨረሻ ላይ ቀቡት። ግንባርና ጆሮ ዳር ቫዝሊን አድርጉ።

ፀጉራችሁ ከጠቆረ ወይም ከቀላ፦ ቀለም ማስለቀቂያ

ቡርጋንዲ ፈልጋችሁ የበሰበሰ እንጆሪ ከመሰለ፣ ቡናማ ብላችሁ ድቅድቅ ጥቁር ከወጣ፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለ። አሜሪካ ያሉ ሰዎች ከለር ኡፕስን፣ እንግሊዝ ያሉት ከለር ቢ ፎርን ያውቁታል። ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ማስላክ ይቀላችኋል።

ይህ ብሊች አይደለም። ዘላቂ ቀለም ፀጉር ውስጥ ሲፈላ ትንንሾቹ ቅንጣቶች ተያይዘው ትልልቅ ይሆናሉ፣ በዚያው ታስረው ይቀራሉ። ማስለቀቂያው ያንን መያያዝ ይፈታዋል። ቅንጣቶቹ ተመልሰው ትንንሽ ይሆናሉ፣ በውሃ ይወጣሉ። ሜላኒኑን አይነካም፣ ፀጉሩንም እንደ ብሊች አያቃጥልም። ሽታው ግን የበሰበሰ እንቁላል ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ለቤተሰቡም አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሁለትና ሦስት እጥበት በኋላ እንኳ ፀጉሩ ሲረጥብ ሊሸት ይችላል።

እዚህ ላይ ሥራው ያለው መቀባቱ ላይ አይደለም፣ ማጠቡ ላይ ነው። የተፈታው ቀለም ወዲያው አይወጣም። ውስጥ ከቀረ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ተመልሶ ይያያዛል፣ በማግስቱ ፀጉሩ እንደገና ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። «አይሠራም» ብለው የጣሉት ሰዎች አብዛኞቹ በደንብ ያላጠቡ ናቸው። ለብ ባለ የሚፈስ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ማጠብ ያስፈልጋል። መመሪያው ከዚያ በላይ ካለም ከዚያ በላይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ሮቶው መሙላቱን ሳታዩ እንዳትጀምሩ። በጀሪካንና በጆግ እየቀዱ ሃያ ደቂቃ ማጠብ ስቃይ ነው፣ መሃል ላይ ከማቋረጥ ደግሞ ከመጀመሪያው አለመጀመር ይሻላል።

ሲያልቅ ብርቱካን የሚመስል ፀጉር ታያላችሁ። አትደንግጡ። ቀለሙ ወጥቷል፣ ያያችሁት የመጀመሪያው ፐርኦክሳይድ ያጠፋውን ነው። በዚያው ቀን በድንጋጤ ጥቁር ቀለም እንዳትደፉበት። ፀጉሩ በዚያ ሰዓት የሰጡትን ሁሉ አጋኖ ይይዛል። አንድ ሁለት ሳምንት አሳርፉት፣ በኮንዲሽነርና በትሪትመንት ያዙት። ከዚያ ከላይ እንዳልነው ከፊል ዘላቂ ቀለም፣ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ነጣ ያለውን።

ለዓመታት በየወሩ ጥቁር ሲቀባ የኖረ ፀጉር በአንዴ አይለቅም። ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ያልተደራረበ ስለሆነ ሥር አካባቢ ነጥቶ ጫፉ ጥቁር ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ ዙር ያስፈልግ ይሆናል፣ መሃል ላይ ግን እረፍት ስጡት። ሰማያዊና አረንጓዴ የሆኑት ቀጥታ የሚቀቡ ቀለሞች ላይ ደግሞ ማስለቀቂያው ያን ያህል ጉልበት የለውም። የተሠራው ፈልቶ ለሚያዝ ቀለም ነው።

ከጓዳ የሚወጡት

ውድ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚሞከሩት እነዚህ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ፀጉር ያደርቃል እንጂ ቀለም አያስለቅቅም።

ጥሩ የሚባለው ቫይታሚን ሲ ነው። ከማስለቀቂያው ጋር የሚመሳሰል ሥራ በደካማ ጉልበት ይሠራል። የሚያዋጣው ቀለሙ ከተቀባ ገና ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ነው። ከፋርማሲ ተራውን ክኒን ግዙ፣ ውሃ ውስጥ የሚፈላውን አይደለም። በሙቀጫ አድቅቁት፣ ትንሽ እብጠት እንኳ አይቅር። ነጭ ዱቄት ሲሆን ወፈር ያለ እስኪሆን ድረስ በጥልቅ ማጽጃ (ክላሪፋይንግ በሚባለው) ሻምፑ ለውሱት። እርጥብ ፀጉር ላይ፣ ከሥሩ ርቃችሁ፣ ቀለሙ ባለበት ብቻ ቀቡ። በፌስታል ሸፍናችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆዩ። ስታነሱት ፌስታሉ ውስጠኛው ፊት ላይ ቡናማ ወይም ቀይ ውሃ ካያችሁ እየሠራ ነው። ምንም ከሌለ ነገ ብትደግሙትም ብዙ አትጠብቁ። አሲድ ስለሆነ የቆሰለ ወይም የተፋቀ የራስ ቆዳ ላይ ያቃጥላል።

ጥልቅ ማጽጃ ሻምፑና የፎሮፎር ሻምፑ ዝግ ያሉ ናቸው፣ ግን አያሳፍሩም። በተለይ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበት የፎሮፎር ሻምፑ የተቀባ ፀጉር ቀለም እንደሚቀይር ራሱ መመሪያው ላይ ይጻፋል። ሌላው ሰው የሚፈራውን እኛ ለጥቅማችን እናውለዋለን። ከተለመደው ሞቅ ባለ ውሃ ማጠብም ያግዛል። ቀጥታ የሚቀባ ቀለምና ከፊል ዘላቂ ቀለም ላይ ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ዘላቂ ቀለም ላይ የሚያደርገው ማደብዘዝ ብቻ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ ብዙ ሰው ያሞግሰዋል። አልካሊ ስለሆነ የፀጉሩን ቅርፊት ያነሳል፣ ትንሽ ቀለም ይወጣል። ያንን ቅርፊት ግን መልሶ ማስተኛት ቀላል አይደለም። ለእኛ ዓይነት ጥቅልልና ደረቅ ለሆነ ፀጉር ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ላርጎም እንደዚያው። የሰሐን ስብ ለመበጣጠስ የተሠራ ነገር ፀጉራችሁ ላይ ያለውን ወዝ ጠራርጎ ይወስዳል፣ ከቀለሙ የሚወስደው ትንሽ ነው። ሎሚን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መቀባትማ ይቅር። የሚያነጣው የተቀባችሁትን መርጦ አይደለም፣ ግንባርና አንገት ላይ ከነካ ደግሞ የሎሚ ጭማቂና ፀሐይ ተገናኝተው ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጠባሳውም ለሳምንታት ይቆያል።

ቅቤውስ? ቅቤ ቀለም አያስለቅቅም። ከላይ ያሉትን ከሞከራችሁ በኋላ የደረቀውን ለማለስለስ ግን ቦታ አለው። የኮኮናት ዘይት ደግሞ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ከፀጉር የሚታጠበውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ በላብራቶሪ ታይቷል። እነዚህን በማግስቱ ተጠቀሙ እንጂ ከማስለቀቂያው በፊት አትቀቡ፣ ቅባቱ መንገድ ይዘጋል።

ብሊች፦ ቤት ውስጥ ባይሆን

ብሊች ሁሉንም ያወጣል። ቀለሙንም፣ የቀረውን ሜላኒንም። ስለዚህ ወደ ጥቁር ፀጉሩ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ብሊች ወደኋላ መራመድ ነው። ጥቁር ፀጉር ሲነጣ በመንገዱ ቀይ ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚያቆም ሰው ብዙ ጊዜ ብርቱካኑ ላይ ነው የሚያቆመው።

ሪላክሰር የነካው ፀጉር ላይ ግን ምንም ዓይነት ድርድር የለም። ሪላክሰር የፀጉሩን ውስጣዊ ትስስር ሰብሮ ነው የሚያለሰልሰው። በዚያ ላይ ብሊች ሲጨመር የቀረውም ይበጠሳል። እጥበት ላይ እፍኝ ሙሉ ፀጉር እጅ ላይ የሚቀረው እንዲህ ሲሆን ነው። «ሪላክስ ያደረግሁት ከስድስት ወር በፊት ነው» ማለትም አያድንም፣ ያ ፀጉር አሁንም ራሳችሁ ላይ ነው።

በተፈጥሮው ያለ ጤናማ ፀጉር ኖሯችሁ፣ ማስለቀቂያውም እምቢ ብሏችሁ ከሆነ፣ ትርጉም ያለው በጣም የተበረዘ ብሊች ነው። የብሊች ዱቄት፣ 3 ወይም 6 ፐርሰንት ፐርኦክሳይድ፣ ላይ ሻምፑ። እርጥብ ፀጉር ላይ ተቀብቶ በየጥቂት ደቂቃው ይታያል። 9 እና 12 ፐርሰንቱን ቤት አታስገቡ። በካስክም ሆነ በፎን አታሙቁት።

ሂናና የብረት ጨው

እውነተኛ ሂና ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር ነው የሚጣበቀው። ሐረርም ብትሄዱ፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ያለች እህታችሁንም ብትጠይቁ፣ አዘውትረው የሚቀቡት እንደማይለቅ ይነግሯችኋል። ከተቀባ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል። እንዲቀልላችሁ ከፈለጋችሁ ያለችው ዕድል በዚያች የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሞቅ ባለ ዘይት ነክሮ፣ ማቆየት፣ በጥልቅ ማጽጃ ሻምፑ ደጋግሞ ማጠብ። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ማጥቆር ወይም ማሳደግ ነው። ሂናው ኢንዲጎ የሚባለው ቅጠል የተቀላቀለበት ከሆነ ብሊች ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል፣ ያንን አረንጓዴ ማውጣት ደግሞ ሌላ ፍዳ ነው።

የብረት ጨው ያለበት ቀለም ፐርኦክሳይድ ሲነካው ይግላል፣ ይፈላል፣ ፀጉሩንም ሊያቀልጥ ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ከማበጠሪያ ላይ የቀረ ዘለላ በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ፣ ልትቀቡት ባሰባችሁት ፐርኦክሳይድ ያለበት ድብልቅ ላይ ሞክሩ። ከፈላ፣ ከሞቀ፣ ወይም ቀለሙ ድንገት ከተለወጠ ፐርኦክሳይድ ያለበትን ሁሉ እርሱት፣ መቀሱ ይሻላል።

ሽበት ለመመለስ የወሰናችሁ

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ሽበት ሜላኒን የለውም፣ ስለዚህ ጥቁሩ ቀለም ከለቀቀ ሽበቱ በራሱ ብቅ የሚል ይመስላል። አንዳንዴ ማስለቀቂያ ካወጣ በኋላ ሽበቱ ነጭ ሳይሆን ቢጫ ወይም ሮዝ ቅሪት ይዞ ይቀራል። ወይንጠጅ ሻምፑ ቢጫውን ያበርደዋል። ወንድ ከሆናችሁ ግን ይህን ሁሉ ምን አስፈለጋችሁ? አንድ ቀን አሳጥራችሁ ተቆረጡ፣ አለቀ። ረጅም ፀጉር ያላት እናት ደግሞ ጥቁሩን ሥር በሥር መቀባት ትታ በመሃል ስስ ሜሽ ብታስገባ፣ ሽበቱ ሲመጣ መስመሩ አይታይም። ሜሹ ብሊች ስለሆነ ግን የባለሙያ ሥራ ነው፣ ሪላክሰር ካለበት ደግሞ ጨርሶ አይነካም።

ማሳደግ

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በዓመት ከ10 እስከ 15። ትከሻ የሚነካ ፀጉር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ብቻ ነው እውነተኛውን የተፈጥሮ ቀለም የሚመልሰው። ከወጪም ከጉዳትም ነጻ ነው። ዋጋው ትዕግሥትና ሁለት ቀለም ያለው ራስ ይዞ መዞር ነው።

እድሜ ልካችንን ሹሩባ ስንሠራ የኖርን ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ሹሩባ ሁለቱን ቀለም ያደባልቃል፣ ፒያስትራና ፎንንም ያስቀራል። ግንባር ዳር ያለውን አጥብቆ መሠራት ብቻ ይቅር። በየሁለት ሦስት ወሩ ጫፉን መከርከም አለ። አንዳንዷ ደግሞ ስድስት ወር ታግሳ በአንዴ አሳጥራ ትቆረጣለች። አጭር ፀጉር የሚያምርባት ከሆነ ከሁሉም መንገድ ፈጣኑ ይሄ ነው።

የማይነካው

በረኪና። አንዳንድ ሰው «ልብስ ላይ ያለውን ቀለም ካጠፋ ፀጉርም ላይ ያጠፋል» ይላል። ያጠፋል፣ ፀጉሩን ጨምሮ። በረኪና የፀጉርን ፕሮቲን ያሟሟል፣ የራስ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ብዙ ቀለም ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል ማጠቢያ ፐርኦክሳይድም ማስለቀቂያ አይደለም፣ ቀስ እያለ ብርቱካን የሚያደርግ ደካማ ብሊች ነው።

ዘለላዋን ሳትሞክሩ አትጀምሩ

የመረጣችሁት መንገድ የትኛውም ይሁን፣ ማጅራት አካባቢ፣ ከሥር ከተደበቀው፣ እርሳስ የምታህል ዘለላ ለዩ። ላይዋን በክር እሰሩ። በመረጣችሁት ነገር ቀብታችሁ መመሪያው የሚለውን ደቂቃ ጠብቁ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ በመስኮት ብርሃን እዩዋት፣ በአምፖል አይደለም። ቀጥሎ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጤናማ ፀጉር ትንሽ ተለጥጦ ይመለሳል። እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ወይም ቀጥ ብሎ ከተበጠሰ፣ ኬሚካል ያለበት መንገድ ሁሉ ለእናንተ ተዘግቷል ማለት ነው።

መልሳችሁ የምትቀቡ ከሆነ ቆዳውንም ሞክሩ። ትንሽ ቀለም ክርን መታጠፊያ ላይ ወይም ከጆሮ ጀርባ ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ፒፒዲ አለርጂ ድንገት ሊጀምር ይችላል፣ ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ ተቀብታችሁም ቢሆን። ቀደም ሲል እጃችሁ ላይ ጥቁር ሂና ተስላችሁ ያሳከካችሁ ወይም ውሃ የቋጠረባችሁ ከሆነ ፒፒዲ ያለበትን ቀለም ከነጭራሹ ተዉት።

ወደ ባለሙያ መሄድ የሚሻለው መቼ ነው? ሦስትና አራት ዓይነት ቀለም ተደራርቦ ከሆነ፣ ሪላክሰርና ብሊች አንድ ራስ ላይ ከተገናኙ፣ ወይም የራስ ቆዳችሁ ቆስሎ ከሆነ። ለቁስሉ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ፀጉር ቤት። ስትሄዱ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌለ የተቀባችሁበትን ወርና ዓይነት ወረቀት ላይ ጻፉ። ሪላክሰሩንም፣ ያቺን «ትንሽ ናት» ያላችኋትን ሂናም ሳትደብቁ። ባለሙያዋ ቀለም ከመበጥበጧ በፊት ራሷ ዘለላ ላይ ካልሞከረች፣ አመስግናችሁ ተነሱ።